አስፋልት ብቻ አንጠይቅ

(በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ እሁዳችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የእድራችን ዳኛም ከመዋጮው በፊት ይህን ሰዓት ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ መንገዳችን ነው። ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እኔ እንደሚመስለኝ እስካሁን እየሄድን የምንጠይቀው ነገር ጎደሎ ነው። "መንገድ ይሠራልን" እንላለን። እንዲህ ስንል በልባችን ያለው አስፋልት ነው። አቧራው ይቅርልን፣ ጭቃው ይቅርልን ማለታችን ነው። በሐምሌ ልጅ አዝሎ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ በጭቃ እየተንሸራተተ ወደ ታክሲ የወረደ ሰው አስፋልት ቢመኝ ማንም አይፈርድበትም። ግን አስፋልት ብቻውን አይመጣም። ፍጥነት ይዞ ነው የሚመጣው። ትናንት በጉድጓዱ የተነሳ እያዘገመ ያልፍ የነበረው ሚኒባስ አስፋልቱ በተነጠፈ ማግስት ይከንፋል። እኛ ደግሞ እዚያው ጠርዙ ላይ ነን። ስለዚህ ስንጠይቅ የእግር መንገዱ፣ የተከደነው ቦይ፣ መብራቱ፣ ዜብራው፣ የፍጥነት መቀነሻው፣ ሁሉም በአንድ ደብዳቤ ይግባ ነው የምለው። አስፋልቱን ዛሬ፣ ሌላውን በኋላ ካልን፣ ያ በኋላ የሚባለው ቀን አይመጣም።

ታችኛውን መንገድ ተመልከቱ። አስፋልት ሲነጠፍ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አሁንስ? ከወፍጮ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ የእግረኛ መሄጃ የሚባል ነገር የለም። በግራ በኩል ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ነው። በቀኝ በኩል አሸዋና ጠጠር ተከምሯል፣ ቀጥሎ መኪና ቆሟል፣ ከዚያ የሱቁ ሸራ ወጥቷል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ቆማችሁ እዩ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ ትልቋ የትንሹን እጅ ይዛለች። ከቦዩ ለመራቅ ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ። ከኋላ ጥሩምባ ይነፋል። ልጅቷ ወንድሟን ስባ የቦዩ ከንፈር ላይ ትቆማለች፣ መኪናው ያልፋል፣ ተመልሰው ይወጣሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ሌላ ጥሩምባ። ትምህርት ቤቱ በር እስኪደርሱ ድረስ እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቦዩ ሞልቶ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ የት ጋ እንደሚያልቅ አይታይም።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በየዓመቱ 400 አካባቢ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ አይደሉም፤ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። የከተማችን ሰው ግማሽ ያህሉን ጉዞ የሚያደርገው በእግሩ መሆኑን ስታስቡት መንገዱ ለማን መሠራት እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል። መኪና ያላቸው ጥቂት ናቸው፣ የሚራመደው ግን ሁሉም ነው። ባለመኪናውም ቢሆን ከመኪናው ሲወርድ እግረኛ ነው።

ስለ ፍጥነት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በ30 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስለናል። ልጅ ድንገት ሲወጣበት አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ቢያንስ 1 ሰከንድ ያህል ያልፋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ መንገድ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር። በ50 የሚሄደው ግን በዚያችው አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ሄዷል። ልብ አድርጉልኝ። የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ሹፌር ገና ፍሬኑን አልረገጠም። ልጁ እዚያ ቦታ ላይ ካለ በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሚመታው። ሹፌሩ ጥሩ ሰው ቢሆን፣ ያልጠጣ ቢሆን፣ ስልክ ባይነካ እንኳ ውጤቱ ያው ነው። ለዚህ ነው በፈረንጆቹ 2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የየአገሩ ሚኒስትሮች እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀልበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ ያሉት። የእኛ ሰፈር ከዚህ በላይ ምን ይቀላቀል?

ፍጥነት በምክር አይቀንስም። ምልክት ብቻውን አይቀንሰውም። ትራፊክ ፖሊስ ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ሊቆም አይችልም። ፍጥነትን የሚቀንሰው የመንገዱ ቅርጽ ራሱ ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል፤ ጠበብ ካለ፣ ኩርባው ሾል ካለ፣ ጉብታ ካለው እግር ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ወጣቶቻችን በሲሚንቶ የሠሩት ጉብታ አለ። ለታናናሾቻቸው አስበው፣ ከኪሳቸው አውጥተው ነው የሠሩት፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ጉብታው ጠባብና ሹል ነው። ቀለም የለውም፣ ማታ አይታይም። ባለ ሞተር ሊወድቅበት ይችላል። ወላድ የያዘ አምቡላንስ ሲያልፍበት ምን እንደሚሆን አስቡት። በደንቡ የሚሠራ ጉብታ ከፍታው ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወርዱ ግን ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ሰፋ ብሎ ቀስ እያለ ነው የሚነሳው። በ30 ለሚመጣ አይጎዳም፣ በ60 ለሚመጣ ግን ያስጠነቅቃል። ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ከፊቱ ምልክት ይተከላል። ይህንን መጠየቅ መብታችን ነው። ራሳችን ሠርተን ከምንጠየቅበት፣ ቦታውን ለክተን፣ ፎቶ አንስተን፣ የሚመለከተው አካል እንዲሠራው ብንገፋ ይሻላል ባይ ነኝ። ወጣቶቹ ይህን ሥራ እንዲመሩትም እፈልጋለሁ። የቆረጡ መሆናቸውን በሲሚንቶው አሳይተዋል።

"ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ለእኛ ሰፈር ማን ያወጣል" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ሁሉም ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገሃርና ሰባተኛ ላይ የተሠራውን ያየ ያስታውሳል። የመንገዱ ኩርባ በቀለምና በቀላል መከላከያ ጠበብ ተደረገ። መኪናው ሲታጠፍ እንዲያዘግም፣ እግረኛውም የሚያቋርጠው ርቀት እንዲያጥር ነው። አስፋልት አልተቆፈረም፣ ቤት አልፈረሰም። ዳሬሰላም ውስጥ ደግሞ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ጉብታ፣ የእግር መንገድ፣ ዜብራና አጥር እየሠሩ የተማሪዎችን ጉዳት የቀነሱበት ፕሮግራም አለ። ሳርሳይ ይባላል፤ በ2019 በፈረንጆቹ ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። ታንዛኒያ ከእኛ የተለየ ሀብት የላትም። እነሱ ያደረጉት መጀመሪያ የትኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆች እንደሚገጩ መለየት ነው። ከዚያ ጀመሩ።

የአውሮፓዎቹ ነገር ስለሚገርመኝ እሱንም ላንሳ። ዛሬ ሆላንድን ስናይ ሰው ሁሉ በብስክሌት፣ መንገዱ ሰላም፣ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። በፈረንጆቹ 1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,200 በላይ ሰው በመንገድ ላይ ሞቷል። ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ልጁ በመኪና የሞተችበት አንድ ጋዜጠኛ ሐዘኑን በጋዜጣ ጻፈ። "የልጆች ግድያ ይቁም" የሚል እንቅስቃሴ ተነሳ። እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዘጉ፣ የሚያቋርጡበትን ቦታ በእጃቸው ጠበቁ፣ ፓርላማ ድረስ ሄዱ። ዴልፍት በምትባል ከተማ ደግሞ ነዋሪዎች የሰፈራቸው ጎዳና ላይ ዛፍና ድንጋይ አስቀምጠው መኪና በሰው እርምጃ ልክ እንዲሄድ አደረጉ። ይኸው አሠራር በፈረንጆቹ 1976 ሕግ ሆነ። መሐንዲሶቹ የመጡት ከእናቶቹ በኋላ ነው። ይህን የምላችሁ ሆላንድ እንሁን ለማለት አይደለም። የጀመሩት እንደ እኛ ዓይነት ሰዎች ስለሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው ልምጣ። የመንገድ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። አስፋልት ትንሽ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል፣ ከሥር ያለውን አፈር ያረጥበዋል፣ ከባድ ገልባጭ መኪና በላዩ ሲያልፍ ይሰምጣል። ጉድጓዱ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የጣት ስፋት ያለው ስንጥቅ ጥቅምት ላይ ቢደፈን በትንሽ ወጪ ያልቃል፤ ክረምት ካለፈበት ግን ሰው ጉልበት ድረስ ይገባበታል። ኮብልስቶኑም ያው ነው። ድንጋዩ የተቀመጠው አሸዋ ላይ ነው። ጠርዙ ሲፈታ ወይም ቦዩ ሲደፈን ውሃው አሸዋውን ይዞት ይሄዳል፣ ድንጋዩም ይንጋደዳል። እኛ ደግሞ ያንን ኮብልስቶን በመዋጯችን ነው ያስነጠፍነው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች እንዲሁ እያዋጡ ነው ያሠሩት። ያዋጣችሁበት ደረሰኝ ዛሬም መሳቢያችሁ ውስጥ ይኖራል።

የሚያሳዝነኝ የቁፋሮው ነገር ነው። አንዱ ለቧንቧ ይቆፍራል፣ ሌላው ለኬብል ይቆፍራል። አፈሩን መልሶ ደምድሞ፣ ድንጋዩን እንደነበረ ገጥሞ የሚሄድ ግን የለም። ላይኛው መንገድ ላይ እንዲህ ሆኖ የቀረው ጉድጓድ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። አሮጌ ጎማ ተደርጎበታል፣ ላዩ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተተክሎበታል። ቅርንጫፉን ያስቀመጡት አንድ ጎረቤታችን ናቸው፣ ማታ ሰው እንዳይገባ ብለው። ቅጠሉ ሲደርቅ አዲስ ይቀይሩለታል። ዓይነ ስውር ጎረቤት አለን፣ በክራንች የሚሄድ አለን፣ ለእነሱ ቅርንጫፍ ምን ይጠቅማል? እኔ የምለው፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚቆፍር፣ መቼ እንደሚጨርስና ማን እንደሚመልሰው ሰፈሩ በጽሑፍ ይወቅ። ሠራተኞቹ ሲመጡ ፈቃዱን አሳዩን ማለት ነውር የለውም። በትህትና እንጠይቅ፣ ቁጥሩን እንመዝግብ።

ብዙ ጊዜ የምንሰናከለው የማንን በር እንደምናንኳኳ ስለማናውቅ ነው። ባለፈው ስለዚያ ጉድጓድ ለማመልከት ጥቂት ሆነን ወጥተን ነበር። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን፣ ሌላው ደግሞ ወደ መጀመሪያው መለሰን። ከዚህ የተረዳሁት ነገር ከመሄዳችን በፊት ባለቤቱን ማጣራት እንዳለብን ነው። የጉድጓድ ክዳን የሚመለከተው ከሥሩ የቀበረውን ነው። የፍሳሽ ከሆነ ወደ ውሃና ፍሳሽ፣ የስልክ ከሆነ ወደ ቴሌ፣ የጎርፍ ከሆነ ወደ መንገድ። ዋናው አስፋልት ከሆነ የከተማው የመንገዶች ባለሥልጣን፣ የውስጥ ለውስጡ ከሆነ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ መጀመር ነው። ዜብራና ምልክት ደግሞ የትራፊክ ማኔጅመንት ሥራ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤት የሚነካካ ከሆነ ደብዳቤው ለሁለቱም በግልባጭ ይሂድ። ያኔ አንዱ በሌላው ላይ ማሳበብ ይከብደዋል።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ? "መንገዳችን ተበላሽቷልና መፍትሔ ይሰጠን" የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ምክንያቱም የሚያነበው ባለሙያ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። "ከወፍጮ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለው ቦይ ርዝመቱ ይህን ያህል ሜትር ነው፣ ክዳን የለውም፣ ጠዋት ይህን ያህል ተማሪ ያልፍበታል፣ ፎቶው ተያይዟል፣ የምንጠይቀው ክዳንና አንድ ጉብታ ነው" ቢባል ግን ሥራው ግማሹ ተሠራለት ማለት ነው። ርዝመቱን እንለካ። ልጆቹን እንቁጠር። ፎቶውን ከአንድ ቦታ ላይ ቆመን በበጋም በክረምትም እናንሳ። የእድሩ ማኅተም ይረፍበት። መዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ ቁጥሩንና ቀኑን ሳንቀበል አንውጣ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል። ከተማዋ እስከ 2030 በፈረንጆቹ የሚዘልቅ የመንገድ ደህንነት ስትራቴጂ አላት፤ እሱንም እንጥቀስ። የምንለምነው ነገር ራሳቸው ያቀዱት መሆኑን ያስታውሳቸዋል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ጎርፉ ቤታችን ሲገባ ተንጫጭተን ስንሄድ በጀቱ አልቋል፣ አዲሱም ተደልድሏል፣ አስፋልት ደግሞ በዝናብ አይነጠፍም። ከመስከረም በኋላ ወዲያው ብንጀምር ለጥገናው በጋውን እናገኛለን፣ ትልቁን ሥራ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እናስገባለን። ጩኸታችን ክረምት ላይ ይሁን፣ ወረቀታችን ግን በጋ ላይ ይግባ።

አንዳንዱ "ነገር ይመጣብናል" ብሎ ይፈራል። ይገባኛል። ግን ይህ ፖለቲካ አይደለም፣ የልጅ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያውቃል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይላል። ከ2016 ጀምሮ በዋና ዋና መንገዶች ላይ በኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የብስክሌት መስመር ሲሠራ አይተናል። ከሰፈሩ የተነሳ ብዙ ሰው ስላለ ብዙ የሚያነጋግር ሥራ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን አንድ ነገር አሳይቷል፤ ለእግረኛ ቦታ መስጠት ይቻላል። ያ ነገር ውስጥ ለውስጥ ገብቶ እኛም ጋ ይድረስ ነው ጥያቄያችን።

ስለ መብራትም ዝም ብዬ አላልፍም። ከሆስፒታል ከሆቴል የማታ ፈረቃ የሚመለሱ እህቶቻችን ከታክሲ ከወረዱ በኋላ ያንን ጨለማ እንዴት እንደሚያልፉት ጠይቋቸው። አንዷ እንዳለችኝ እስከ ቤቷ ድረስ ከወንድሟ ጋር በስልክ እያወራች ነው የምትሄደው፣ ስልኩ ባይነሳ እንኳ ያወራች እያስመሰለች። ምሰሶ አለ፣ አምፖል የለም። እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ቁጥር ተጽፏል። የማይበራውን ቁጥር ብቻ ጽፈን ብንሰጥ ጠጋኙ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

በእኛም በኩል የሚጠበቅ አለ፣ ሳልሸሽግ ልናገር። ቦዩን የሚደፍነው በአብዛኛው የእኛው ፌስታልና የእኛው የውሃ ፕላስቲክ ነው። አሸዋውን የእግረኛ መሄጃ ላይ ያራገፈው ቤት የሚያሠራ ጎረቤታችን ነው። ሱቅ ያላችሁ፣ ሸራውን አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ብትመልሱት ስንት ልጅ ከአስፋልቱ ይወርዳል። ይህን አስተካክለን ስንሄድ ድምፃችን ይከብዳል። የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን ቆሻሻ ከሆነ ግን አንደበታችን ይታሰራል።

እድራችን ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ ዝግጁ ነው። የሁሉም ቤት ስም አለን፣ ስልክ አለን፣ በወር የምንገናኝበት ቀን አለን፣ ድንኳን ለመትከል በአንድ ሰዓት የምንሰባሰብ ሰዎች ነን። ሰው ሲሞት እንዲህ የምንሆን ከሆነ፣ ሰው እንዳይሞት ለምን አንሰባሰብም?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ታችኛውን መንገድ በእግር እንሂድበት። ሜትር ያለው ሜትር ይምጣ፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይምጣ። በክራንች የሚሄደው ወንድማችን አብሮን ይሂድ፣ እሱ የሚያየውን እኛ አናየውም። የደብዳቤውን ረቂቅ ለሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ፣ የጎደለውን ትሞሉታላችሁ። አሁን የምፈልገው ፊርማ የሚያሰባስቡ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንድ ከላይኛው መንገድ፣ አንድ ከኮንዶሚኒየሙ በኩል። እስቲ እጅ አውጡልኝ።